ደላላ እንዳይነካው የተገዘተ ኮድ

ከአርባ አንዱ ፈቃድ አርባውን አንብቤያለሁ። ያላነበብኩት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም በአማርኛ የተጻፈውን።

ለማያውቅ ላስረዳ። አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ራሱ አይጽፍም። ሌላ ሰው ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን ኮድ ወስዶ ከራሱ ጋር ይሰፋዋል። ይህን የተወሰደ ኮድ ላይብረሪ እንለዋለን። እያንዳንዱ ላይብረሪ ባለቤቱ የጻፈው ፈቃድ አለው፤ ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ስሜን ግን አታጥፉ፣ ምናምን የሚል። ችግሩ ላይብረሪ እንደ ሠርግ እንግዳ ነው፤ አንዱን ስትጠሪ ከነዘመዶቹ ይመጣል። እኛ የጠራነው ስድስት ነበር፣ አርባ አንድ ሆነው ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ ሥራው የተሰጠው ነገር ቁጥር መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ለዚህ ከባድ ኃላፊነት ሦስት አጃቢ ይዞ መጥቷል።

አፑ «ቀኔ» ይባላል። ሐሳቡ የእትዬ ይመኙሻል ነው። እትዬ ይመኙሻል እዚህ ወደብ ከተማ፣ ራስ ዲካ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች፣ የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ነው። በየቤቱ የሚሠሩ ሁለት መቶ ኢትዮጵያውያት ያቋቋሙት ማኅበር ሰብሳቢም ናት። ባለፈው ጥር አንድ ዓርብ ቢሯችን መጥታ አራት ቦታ የታጠፈ ውል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። ፈረንሳይኛ ነው፤ ቀኖቹ በእጅ የተሞሉ፣ ዶሮ የጫረችው የሚመስሉ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«እስከ 2025 ይላል።»

«እሱንማ እኔም አይቻለሁ። ገና ስምንት ዓመት ይቀረኛል ማለት ነው?»

በእሷ አቆጣጠር ዓመቱ 2017 ነበር። በውሉ አቆጣጠር የቀራት ሁለት ወር ነበር። ያመጣት ደላላ ይህችን ልዩነት ሳይነግራት የቀረው ረስቶ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገባን። (ወሩ ሲደርስ ውሉን በራሷ ቃል አሳድሳዋለች።)

ቀኔ የተወለደው ያን ዕለት ነው። ውልሽን በስልክ ፎቶ ታነሽዋለሽ፤ በእጅ የተጻፈውን ቀን፣ ፈረንሳይኛም ይሁን ዓረብኛ፣ አንብቦ በኛ ዘመን ቆጥሮ፣ መቼ እንደሚያበቃ በአማርኛ ጮክ ብሎ ይነግርሻል። የእጅ ጽሕፈቱን የሚያነበው ግን የኛ ኮድ አይደለም። «አንባቢ» የሚባል ላይብረሪ ነው፤ አርባ አንደኛው።

አንድ የውጭ ድርጅት ለማኅበሩ ሁለት መቶ ስልክ ሰጠ። ስልኮቹ አፕ የሚያወርዱት ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲለውጠው ክፍት የሆነውን ብቻ ከሚቀበል አንድ መደብር ነው፤ ድርጅቱ እንዲያ ብሎ ዘግቷቸዋል። ዕደላው ግንቦት ስምንት፣ ዓርብ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በየቤታቸው ይበተናሉ፤ ዋይፋይ የሚሰጣቸው የለም፤ ሁለት መቶዎቹ ዳግም አንድ ጣሪያ ሥር መቼ እንደሚገናኙ የሚያውቁት ማዳሞቻቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቀኔ እስከ ሐሙስ ማታ መደብሩ ውስጥ ካልገባ ሁለት መቶ ሴት ባዶ ስልክ ይዛ ትመለሳለች።

እሑድ ጠዋት የመደብሩ ገምጋሚ ጻፈልኝ። ስሙንም አገሩንም አናውቅም፤ ፎቶው የተቀቀለ እንቁላል ስለሆነ እንቁላሉ እንለዋለን። «አርባው ንጹሕ ነው» ይላል። «አርባ አንደኛው ፈቃድ በማላውቀው ፊደል ነው የተጻፈው። እባክሽ ተርጉሚልኝ።»

አርባውን እንግሊዝኛ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ኪስ በኪስ ፈትሼ፣ አማርኛውን ሳይ «የኛው ልጅ ነው» ብዬ አሳልፌው ነበር። የዘመድ ሻንጣ አይፈተሽም። አሁን ከፈትኩት።

«በስመ አብ። ይህን ኮድ የጻፍኩ እኔ ኃጥኡ ደጀን ነኝ። ያየ ይጠቀምበት፤ የቻለ ያሻሽለው፤ የተረፈው ለወንድሙ ያካፍል። ስሜን የፋቀ፣ ደላላ ሆኖ የተጠቀመበት፣ ወይም ለደላላ አሳልፎ የሰጠ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን።»

የብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ግዝት ነው። ሰውየው ኮዱን ከብራና አላሳነሰውም። ቃል በቃል ተርጉሜ ላክሁ፤ የእንቁላሉ መልስ በሃያ ደቂቃ መጣ። ስሙን አለመፋቅ ችግር የለውም፣ ሁሉም ይጠይቀዋል አለ። ደላላን መከልከል ግን አይቻልም፤ ነጻ ሶፍትዌር በሰው ሥራ አይለይም፣ ለሌባም ለጳጳስም እኩል ክፍት ነው። በመጨረሻም እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ጴጥሮስና ጳውሎስ የኮዱ የጋራ ባለቤቶች ናቸው? ከሆኑ የጽሑፍ ስምምነታቸውን አያይዢ።»

ቢሯችን አምቡሊ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ከአንድ ቬንቲላተር (የነፋስ ማራገቢያ) መሸጫ በላይ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ ስብሰባ እናቋርጣለን። አለቃዬ ጋሽ ወሰኑ ታሪኩን ቆሞ ሰማኝ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? ‹እንደፈለጋችሁ አድርጉ ይላል› ብለሽ ተርጉሚለት። እንቁላል አማርኛ የት ያውቃል?»

«ጋሽ ወሰኑ፣ ውሸት ነው እኮ።»

«ትርጉም ነው። ትርጉም ሁሉ ትንሽ ይዋሻል።»

«ወይ ባለቤቱ ራሱ ፈቃዱን ይለውጥ፣ ወይ ላይብረሪውን አውጥተን እንጣል።»

«ጣይውና ራስሽ ሌላ ጻፊ።»

«እሱ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። እኔ አራት ቀን ነው ያለኝ።»

«ደላላ አይጠቀምበት ነው የሚለው? እኛ ደላላ ነን እንዴ?» አለ። ልክ ያኔ አውሮፕላን አረፈ፤ እግዜር ይስጠው።

እግዜር ይስጠው ያልኩበት ምክንያት አለ። ጋሽ ወሰኑ የቀኔን ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጅቶ ነበር። ሠራተኛ ለሚያስመጣ አንድ ኤጀንሲ የሚሸጥ ነው፤ ኮዱ ዝግ፣ ቀኑን ለኤጀንሲው የሚያሳይ፣ ለሴትየዋ የማያሳይ። የጻፍኩት እኔው ነኝ። «የደንበኛ ፍላጎት» የሚባል ትምህርት አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሙሉ ሴሚስተር ወስጄዋለሁ። ሕሊናን እንደሱ እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት አላየሁም።

ደጀንን ፍለጋ ጀመርኩ። ኢሜይሉ ሞቷል። ግን ኮድ የሚጽፍ ሰው ለውጥ ባደረገ ቁጥር አጭር ማስታወሻ ይተዋል፣ የደጀን ማስታወሻዎች ደግሞ እንደ ዳዊት ቁጭ ብለው የሚነበቡ ነበሩ። «ዶራሌ። ሦስትን ከስምንት ለየሁ፤ ክብር ለእርሱ ይሁን።» «ዶራሌ። ሙቀት። ኮምፒውተሩም እኔም ጠፋን።» የመጨረሻው፦ «የዓረብኛው ሰባትና ስምንት ተገልብጠው ነበር። ኑረዲን አቀናቸው።»

ለካ ሰውየው እዚሁ፣ አፍንጫዬ ሥር ነው። ለእትዬ ይመኙሻል ደወልኩ።

«ዶራሌ የሚሠራ፣ ደጀን የሚባል፣ የቤተ ክህነት ነገር የሚያውቅ ሰው ታውቂያለሽ?»

«መሪጌታን? የመኪና ሚዛኑ ላይ ያለውን? አንቺ ልጅ፣ እሱን የማያውቅ ማን አለ! ስንቱን ልጅ ከደላላ አፍ ነጥቆ ወደ ቤቱ መልሷል። ምን አደረገሽ?»

«ገዘተኝ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«ሳላነብ ወስጄ።»

«እሰይ! ደግ አደረገ!»

ማክሰኞ ዶራሌ ሄድኩ። የኢትዮጵያ ታርጋ ያላቸው ከባድ መኪኖች እስከ ዓይን ማረፊያ ተሰልፈዋል። ከሚዛኑ ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው የሾፌሮችን ወረቀት ይመረምራል።

«መሪጌታ ደጀን እርስዎ ነዎት?»

«መሪጌታ አይደለሁም፤ ድቁናም አልጨረስኩ። ሾፌሮቹ ናቸው። ‹እርስዎ›ሽንም ለጉምሩክ አቆዪው፤ አንተ በይኝ።»

ነገርኩት። ላይብረሪው በሕይወት እንዳለ፣ ሁለት መቶ ሴት እየጠበቀችው እንደሆነ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ደላላ» የሚለውን እንዲያወጣ ስጠይቀው ጠፋ።

«አይሆንም።»

«ለሴቶቹ ሲባል...»

«ለሴቶቹ ብዬ ነው አይሆንም የምለው።» ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ታናሽ ወንድሜን ዓረብ አገር ሊያሻግረው ኦቦክ የወሰደው ደላላ ጀልባው የሚነሣበትን ቀን በእጁ ጽፎ ሰጠው። 17። ልጁ 11 ብሎ አነበበው። እዚህ አገር ፈረንሳዮቹ አንድን ሲጽፉ ሰባት ነው የሚያስመስሉት፤ አንድ ዓመት እዚህ ስለኖረ ዓይኑ ያንን ለምዷል። ስድስት ቀን ባሕር ዳር ጠበቀ። ውሃ የያዘው ለሁለት ቀን ነበር።»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ደጀን አልሰማውም።

«አንባቢን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ደላላ አይነካውም፤ አለቀ።»

ከዚያ ማለት የሌለብኝን አልኩ፤ «ደላላ ፈቃድ አንብቦ ያውቃል? ግዝትህን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የታሰርኩትም እኔ። እነሱ እኮ ነገ ቢሰርቁት አታውቅም።»

ማኅተሙን አንሥቶ አገላበጠው። አልተቃወመኝምና ገፋሁ።

«ሌላ ግዝት አለ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፣ እንቁላሉም የሚቀበለው። ማንንም አይከለክልም፤ ደላላም ይውሰደው። ግን ኮድህን አፑ ውስጥ አድርጎ ለሌላ ሰው የሰጠ፣ የሠራውን በሙሉ ለዚያ ሰው መክፈት አለበት። ሆዱን ዘርግፎ።»

«ሆዱን ዘርግፎ?»

«እስከ አንጀቱ። ምን እንደጨመረ፣ ምን እንደቀነሰ፣ ለማን ምን እንደደበቀ።»

ደጀን ፂሙን እያሻሸ አሰበ። «ደላላ ሆዱን ከዘረገፈ...»

«...ደላላነቱ ቀረ።»

ሳቀ። የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። በዚህ መሃል በሩን ገፍቶ አንድ ላብ በላብ የሆነ ሾፌር ገባ።

«መሪጌታ፣ ሚዛኑ ላይ እኮ ነኝ! እናንተ እዚህ ስትጫወቱ እኔ ከጎማዬ ጋር ቀለጥኩ!»

«ኑረዲን፣ ና ግባ። ስለ አንባቢ ነው።»

«ስለኛ ኮድ?» ወደኔ ዞረ። «ሰባትና ስምንቱን ያቀናሁት እኔ ነኝ። ድሬዳዋ ሁለት ዓመት አይቲ ተምሬያለሁ፤ መኪና ባያገባኝ ኖሮ ዛሬ ካንቺ እበልጥ ነበር።»

«እንግዲያው ፈቃዱ እንዲለወጥ ያንተም ስምምነት ያስፈልጋል» አልኩት፤ ሕጉ እንዲያ ነው፣ አንድ መስመር የጻፈም ይጠየቃል።

«የኔ? ወላሂ በይ! ሚስቴ እንኳ ፈቃዴን ጠይቃ አታውቅም!»

ሁሉም ያማረ መስሎኝ ኮምፒውተሬን ስከፍት ደጀን እጁን አነሣ። «ቆይ። አዲሱ ግዝት አንቺንም ይይዛል ማለት ነው። የዘጋሽው ቅጂ የለሽም?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ከፊቴ ያለው ሰው አንድና ሰባትን በመለየት አራት ዓመት ያሳለፈ ነው። ስለ ኤጀንሲው ነገርኩት።

«ቀኑን ለሴትየዋ የማያሳይ?»

«አዎ።»

«የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈ። «ኤጀንሲ ማለት ክራባት ያሰረ ደላላ ነው። አለቃሽ እዚህ ይምጣ፤ ያን ቅጂ በፊቴ ያጥፋ። ያኔ እፈታለሁ። ካልመጣ ደግሞ እንቁላልሽ ሌላ አፕ ይቀቅል።»

ረቡዕን ሙሉ ከጋሽ ወሰኑ ጋር ተከራከርኩ። አዲሱ ፈቃድ ዝግ ቅጂ እንደማይፈቅድ አስረዳሁት። «ማን ይከሰኛል? ሚዛን ላይ ያለ ዲያቆን?» አለ። የነጻ ሶፍትዌር ዓላማ አነሣሁ፤ አዛጋ። ስለ ሁለት መቶዎቹ ሴቶች ተናገርኩ፤ «እነሱም አፕ ያገኛሉ፣ እኔም ደንበኛ አገኛለሁ፣ የት ነው በደሉ?» አለ። ክርክሬ ሲያልቅ የደጀንን ፈቃድ አትሜ ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። እስከዚያ ድረስ እሱም እንደኔው አላነበበውም ነበር።

አንድ ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አጥልቆ ደግሞ አነበበው።

«‹ለደላላ አሳልፎ የሰጠ›... ይሄ እኔን ነው?»

«የሚመለከተውን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው?»

«ከወሰድነው ቀን። ከየካቲት።»

«ከየካቲት!» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ጨጓራዬ መቼ ነው የተነሣብኝ?»

«መጋቢት መሰለኝ።»

«አየሽ! የመኪናው ራዲያተርስ?»

«እሱ እንኳ ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ...»

«በሚያዝያ ነው የፈነዳው! አንቺ፣ ሦስት ወር ሙሉ ውጉዝ ሆኜ ስቆርብ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

አርባ ዓለም አቀፍ ፈቃድና የእኔ የአንድ ቀን ስብከት ያልነቀነቁትን ሰውዬ ጴጥሮስና ጳውሎስ በአንድ ገጽ አስነሡት።

ሐሙስ ማለዳ ነጠላውን አደግድጎ ቶዮታውን ወደ ዶራሌ ነዳ። ሚዛኑ ጋ ስንደርስ ሰልፉ ውስጥ ያሉ ሾፌሮች ወሬው ደርሷቸው ወርደው ቆመዋል። ጋሽ ወሰኑ በሁሉም ፊት ለኤጀንሲው ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

«ያ ቅጂ ቀርቷል» አለ። «አይ፣ ዋጋ አልጨመርኩም። ተሰርዟል። ክፍቱን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ግን ቀኑንም ኮዱንም ለሠራተኞቹ ማሳየት ግዴታ ነው... አሎ? አሎ?»

«ዘጉት?» አለ ኑረዲን።

«ዘጉት።»

«ይኸው! ግዝቱ መሥራት ጀመረ!»

ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። ኮምፒውተሬን የሚዛኑ መከለያ ላይ አስቀምጬ ሁለተኛውን ቅጂ ከነሙሉ ታሪኩ ሰረዝኩት። አፍሬ ይሁን ደስ ብሎኝ እስካሁን አልለየሁም። ከዚያ ደጀን ቀረበ። የድሮውን ጽሑፍ አወጣ፣ አዲሱን ፈቃድ አስገባ፣ ስሙን ጻፈ። ኑረዲን ከስልኩ «እስማማለሁ» ብሎ ላከ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንዳይጠፋ።

ደጀን ግን ቁልፍ በመጫን ብቻ ግዝት ይፈታል ብሎ የሚያምን ሰው አይደለም። ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እኔ የገዘትኩ እኔ ፈትቻለሁ። የወሰደ ይክፈት፤ የደበቀ ይግለጥ።»

«አሜን!» አሉ ሾፌሮቹ። «አሚን!» አለ ኑረዲን፣ ከሁሉም በላይ። አንዱ ወደ መኪናው ሮጦ ጡሩምባውን ነፋ። ቀጥሎ ያለው ተቀበለው፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ፣ እስከ ኮንቴይነር ተርሚናሉ በር ድረስ። በሶፍትዌር ታሪክ የአንድ ላይብረሪ ፈቃድ ሲለወጥ መቶ ከባድ መኪና ጡሩምባ ነፍቶ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። የወደብ ጥበቃው መርከብ የሰጠመ መስሎት እየሮጠ መጣ።

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የእንቁላሉ መልስ ገባ። «አርባ አንዱም ንጹሕ ነው። ቀኔ መደብሩ ውስጥ ገብቷል።» ከሥሩ ደግሞ፦ «ሁለቱ ሐዋርያት ከባለቤትነት ወጡ ማለት ነው? ያሳዝናል። እየለመድኳቸው ነበር።»

ዓርብ ካርቲዬ 2 በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የሠርግ አዳራሽ ሞላ። እኔና ጋሽ ወሰኑ በሩ ጋ ቆመን ስልኮቹ ታደሉ፣ ቀኔ ወረደ። እትዬ ይመኙሻል ወንበር ላይ ወጥታ «የመጀመሪያዋ ማን ናት?» ስትል እያንዳንዷ ጎረቤቷን አየች። በኋላ አልጋነሽ የምትባል ሴት ከጉያዋ ውሏን አውጥታ ወደፊት መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ይሆናታል። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተካክላ ፎቶ አነሣችው። ቬንቲላተሩ ብቻ ይንጫጫል።

ስልኩ ተናገረ። «ውልሽ ያበቃው ጥር ሃያ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ነው። መቶ ስድስት ቀን አልፎታል።»

«ምን አለ?» አለች አልጋነሽ፣ ጆሮዋን እንዳላመነች።

«ድገሚው!» አሏት ከኋላ።

ደገመችው። በሦስተኛው እልልታው ስልኩን ዋጠው። ከዚያ ወዲያ ተራ የሚጠብቅ ጠፋ፤ ሁለት መቶ ስልክ በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ቀን ይናገራል፣ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ጣቷን ትቆጥራለች፣ ሌላዋ የጓደኛዋን ስልክ ነጥቃ የራሷን ውል ታነሣለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውላቸው ያለፈ ሴቶች ሠላሳ አንድ ሆኑ። የሠላሳ አንዱም ፓስፖርት ማዳሞቻቸው ጋ ነበር።

«ፓስፖርታችንን ነገ ነው የምንጠይቀው?» አለች አንዷ።

«ለምን ነገ?» አለች እትዬ ይመኙሻል ከወንበሩ እየወረደች። «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ማዳሞቹ ሁሉ ቤታቸው ናቸው። ወሰኑ! ያ ራዲያተርህ ይሠራል?»

«ከትናንት ጀምሮ በደንብ ይሠራል» አለ ጋሽ ወሰኑ፣ ምንም ሳይስቅ።

በአልጋነሽ ጀመርን። በሩ ላይ እኔና እትዬ ይመኙሻል ግራና ቀኝ ቆምን። ማዳም ወጣች። አልጋነሽ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣላትም፤ ስለዚህ ስልኩን ከፍ አድርጋ ተጫነችው። ስልኩ በአማርኛ ተናገረ። ማዳም ምን እንደሚል ጠየቀች። ያኔ አልጋነሽ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ መቶ ስድስቱን ቀን አንድ ሳትዘል ነገረቻት። ማዳም እኔን አየች፣ እትዬ ይመኙሻልን አየች፣ ወደ ውስጥ ገባች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተና አልጋነሽ አንድ ሻንጣና ፓስፖርቷን ይዛ ወጣች።

መኪናው ውስጥ ገብታ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ፎቶዋን ብዙ አየችው።

«ስመጣ እንዲህ ልጅ ነበርኩ?» አለችና ሳቀች፤ ጮክ ብላ፣ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ ግድ ሳይሰጣት።

ጋሽ ወሰኑ ሞተሩን አስነሣ። ሠላሳ በር ይቀረን ነበር።